ቆጣቢው ሀመር

ቤንዚን ያስመረረው አሜሪካዊ ተገላገለ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ለገዢዎች ማስረከብ የጀመረው ኤሌክትሪኩ ሀመር ፒካፕ ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ባትሪው ብቻ 1,300 ኪሎ ገደማ ነው። ሆንዳ ሲቪክ ከነሞተሯ፣ ከነመቀመጫዋ ያንኑ ያህል ናት። ስለዚህ ባለቤቱ አንዱን መኪና እየነዳ ሌላውን ከወለሉ ሥር ተሸክሞ ይዞራል።

የመጀመሪያው እትም ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። የነዳጅ ወጪ ለከበደው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው።

ደግሞ እንደ ሸርጣን በሰያፍ ይሄዳል! ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባወራ ሲመኘው የኖረው ይህንኑ ነበር። በተራ የቤት ሶኬት ለመሙላት ግን ቀናት ይፈጃል። ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው ረቡዕ ከሰካ ይደርስለታል፤ ቅዳሜ ወተት ቢያልቅበት የጎረቤቱ ቤንዚን መኪና አለች።