ሹመት ያዳብር!

በሚያዝያ ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ የቡናውን ሰዓት ለመላው ኮሪደር በሚያውጅበት ሕንፃ። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። እዚህ ስለተወለደች «እርስዎ» ማለት ይከብዳታል፣ «ጋሼ» ማለትን ግን አትስትም።

«ጋሼ፣ ለክለባችን ቦርድ አፕላይ እያደረግኩ ነው፤ እስቲ አንብብልኝ» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

ክለቡ የትምህርት ቤቱ የአገልግሎት ክለብ ነው። ለቸገረው ሰው ምግብ ያሽጋል፣ ከጅረት ዳር ፕላስቲክ ይለቅማል፣ ለአረጋውያን የመልካም ምኞት ካርድ ይጽፋል። የሹመት ማመልከቻው 14 ጥያቄዎች ነበሩት። ከ14ቱ አንዱም «ሣጥን ማንሣት ትችያለሽ ወይ?» አይልም። የአመራር ዘይቤሽን ግለጪ። ራዕይሽ ምንድን ነው? ወድቀሽ የተነሣሽበትን አጋጣሚ ተርኪ። ራስሽን በሦስት ቃላት ግለጪ። በዚያ ላይ የሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ መጨረሻ ላይ ኢንተርቪው። እኔ ወደዚህ አገር ስገባ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ይህን ያህል አልጠየቀኝም፤ ስለ ራዕዬማ ጨርሶ አላነሣም።

እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። በ1966 ዓ.ም. ከነጌቶቹ ቀበርነው ያልነው ደጅ ጥናት ለካ አልሞተም። ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ እንግሊዝኛ ተምሮ፣ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቷል። ያኔ ሹመት ፈላጊ ኩታውን አደግድጎ በጌታው ደጅ ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆማል፤ አማላጅ ይልካል፤ ጌታው ብቅ ሲሉ እጅ ይነሣል። ዛሬ በኩታው ፋንታ ቪዲዮ፣ በአማላጁ ፋንታ የድጋፍ ደብዳቤ ገብቷል። እጅ መንሣቱ ብቻ እንዳለ ነው።

ማዕረጉም አልቀረም። ድሮ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ ከቀኝ፣ ግራዝማቹ ከግራ ይዘምታሉ፤ እያንዳንዱ ከኋላው የሚከተለው ጦር አለው። በክለቡ ደግሞ ፕሬዚዳንት አለ፣ ሁለት ምክትል ፕሬዚዳንቶች አሉ፣ ጸሐፊ አለ፣ ተባባሪ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ (ገንዘብ ግን የለም)፣ የታሪክ ጸሐፊ አለ፤ ሥራው በስልኩ ፎቶ ማንሣት ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ኃላፊና ምክትሉ፣ የዝግጅቶች አስተባባሪና ምክትሉ፣ ሌላም ሌላም። አንዱማ «የመንፈስ ኃላፊ» ይባላል። ደብተራ ቀጥረው መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ስብሰባ ሲቀዘቅዝ እያጨበጨበ የሚያሞቅ ልጅ ነው። ቆጠርኳቸው፤ 19 ናቸው።

«አባላቱስ ስንት ናችሁ?»

«ሠላሳ ነገር። ግን የሚመጡት... ሃያ አምስት።»

ሒሳቡ ቀላል ነው። ስድስት ዘማች፣ አሥራ ዘጠኝ አዝማች። የዓድዋ ጦር እንዲህ ተደራጅቶ ዘምቶ ቢሆን ኖሮ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም፤ ፎቶው ግን ያምር ነበር።

መቼም ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ከእነዚህ ክለቦች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ፣ ኪ ክለብ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳክራሜንቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም መሥራቾቹ 11 ልጆች ነበሩ። «ኪ» ማለት ቁልፍ ነው። ያኔ ቁልፉ ምን እንዲከፍት ታስቦ እንደነበር አልከራከርም፤ ዛሬ የትኛውን በር እንዲከፍት እንደሚፈለግ ግን ማንኛውንም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እናት ጠይቁ፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጭምር ትነግራችኋለች።

የእኛዋ ሜሪላንድም በዚህ ነገር ግንባር ቀደም ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በወሰነችው መሠረት፣ ያላገለገለ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ እንዳይመረቅ በማድረግ ከግዛቶቹ ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆናለች። ልኩም 75 ሰዓት ነው። በጎ ፈቃድ ግዴታ ሲሆን በአማርኛ ምን እንደሚባል ቃል ስፈልግ ቆይቼ ታላላቆቻችን «ዘመቻ» ይሉት እንደነበር ትዝ አለኝ። የሜሪላንዱ ዘመቻ ሦስት ምዕራፎች አሉት፤ ዝግጅት፣ ተግባር እና ማሰላሰል። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እኔ የማውቃት ከማመልከቻው ውጭ ነው። አያቷ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ «ውጋት ሳይሆን ቁርጠት ነው» የሚለውን ለይታ የምታስረዳላቸው እሷ ናት። (ይህን ለመተርጎም የሞከረ ሰው ድካሙን ያውቃል።) ከሕንፃው ሐበሻ ግማሹ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣለት ፖስታውን ሳይቀድ እሷ ዘንድ ይዞ ይሄዳል። በዲቪ አዲስ የገባ ቤተሰብ ካለ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታስመዘግበው፣ የአውቶቡሱን ካርድ አሞላል የምታሳየው እሷ ናት። ለቅሶ ሲሆን ወንበር ትደረድራለች፣ ሻይ ታዞራለች፣ ጫማዎቹ ሲቀላቀሉ የማን የማን እንደሆኑ ትለያለች። ማመልከቻዋን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል የለችበትም። ያለው በአንድ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ፕላስቲክ መልቀሟ ነው፤ እሱ በሦስት አንቀጽ ተብራርቷል።

«ይህን ሁሉ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ጋሼ ደግሞ! ያ እኮ ሰርቪስ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። ማን ይፈርምልኛል?»

ልክ ናት። ዘመድ ተቆጣጣሪ ሆኖ መፈረም አይችልም። አያቷ ይፈርሙ ቢባል እንኳ ፊርማቸው የአውራ ጣት ነው። እናቶቻችን ቀኝ የሰጠውን ግራ አይየው እያሉ ነበር ያሳደጉን፤ ኋላ ቀርነት ነው። እዚህ ግራ እጅ ማየት ብቻ አይበቃውም፤ ቀን፣ ሰዓትና ስልክ ቁጥር ጽፎ ይፈርማል።

እንግዲህ ላግዛት ቆርጬ ተነሣሁ። ሀገር ቤት ሳለሁ ቢሮ ሠርቻለሁ፤ ሪፖርት መጻፍ አውቃለሁ። ያልተሠራን ሥራ ያሳመርኩ ሰው የተሠራውን ማሳመር አያቅተኝም። «አያቴን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ» የሚለውን ወስጄ «በመድብለ ባህላዊ የጤና ተግባቦት ዘርፍ የትውልዶች ድልድይ በመሆን ግንባር ቀደም ሚና ተጫውቻለሁ» አደረግኩት። የለቅሶው ወንበር «የማኅበረሰብ አቀፍ ሐዘን ሎጂስቲክስ አስተዳደር» ሆነ። የጫማው ነገር «የንብረት ቁጥጥር» ውስጥ ገባ። ልጅቷ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ እንግሊዝኛውን መተየብ ጀመረች።

ልፈርድባት አልችልም። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሞሉት ኮመን አፕ የሚባለው ቅጽ ከትምህርት ውጭ ለሚሠሩት 10 ረድፎች ይሰጣቸዋል። ለማዕረጉ 50 ሆሄ፣ ለሥራው መግለጫ 150 ሆሄ። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል። (በእኛ ፊደል ቢሆን አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተሰፍቶ ስለሚመጣ ብዙ ቦታ እንቆጥብ ነበር፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ያልፈቀዱልን።) በ150 ሆሄ ውስጥ «መራሁ» ከ«ተሸከምኩ» ይበልጣል። የተሸከመውን ሰው ስም ለማስገባት ደግሞ ቦታ የለም።

የሚገርመው፣ እዚያው ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ምድብ አለ። የሃርቫርድ የትምህርት ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ዩኒቨርሲቲዎች የእንቅስቃሴ ብዛት መቁጠሩን ትተው ቤተሰቡን የሚያግዘውን ልጅም እንዲያዩት መክሯል። ደግ ምክር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ምክሩ የተሰማ ዕለት የሚሆነው ነው፤ ያን ጊዜ ወላጅ ሁሉ ለልጁ በሳምንት ሦስት ቀን የምትታመም አያት ማፈላለግ ይጀምራል።

ወላጆች ካልኩ አይቀር፣ ራሳችንን እንየው። በማኅበር ጠበል ላይ «የእኔ ልጅ ፕሬዚዳንት ሆነ» ሲባል እልልታው ይቀልጣል፤ «የምን?» ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እዚህ አገር በተጋለጠው የዩኒቨርሲቲ ቅሌት ባለጸጎች ጉቦ ከፍለው፣ ቀዝፎ የማያውቀውን ልጅ ቀዛፊ አስመስለው ፎቶ አስነሥተው ነበር። የእኛ ሰው ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ኡበር ነድቶ ያድርና ጠዋት ልጁን ከረባት አስሮ ለኢንተርቪው ያደርሰዋል። ልጁ ካልተመረጠም መላ አይጠፋም፤ የራሱን በጎ አድራጎት ድርጅት ያቋቁማል። ድርጅቱ አንድ አባልና አንድ ዌብሳይት ይኖረዋል፤ አባሉ «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ይባላል። ዒላማው አብዛኛውን ጊዜ አፍሪካን መርዳት ነው። አያቱ ደግሞ ሳሎን ተቀምጠው የቴሌቪዥኑን ሪሞት የሚያስተካክልላቸው ይጠብቃሉ።

የዕድራችንን ገንዘብ ያዥ ሳስብ በእሳቸው አፍራለሁ። ምርጫ ሲደርስ ጉባኤተኛው ሁሉ ጫማውን ያያል። አንዱ ጤና የለኝም ይላል፣ አንዱ ሥራዬ የሌሊት ነው ይላል፣ አንዱ ሽንት ቤት ይሄድና በዚያው ይቀራል። እኒህ ሰውዬ የተመረጡት በሌሉበት ነው፤ ያን ቀን ማቆሚያ አጥተው መኪናቸውን ይዘው ሲዞሩ አርፍደው። ይኸው 11 ዓመት ሆናቸው። በየዓመቱ «ኧረ ስለ እግዚአብሔር አውርዱኝ» ብለው ይለምናሉ፤ በየዓመቱ ይጨበጨብላቸዋል። የአመራር ዘይቤያቸውን የጠየቃቸው የለም። ሰው ሲሞት ሌሊት በስምንት ሰዓት ስልክ የሚያነሡት፣ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ ከአየር መንገዱና ከኤምባሲው ጋር የሚሟገቱት እሳቸው ናቸው። ግን ቪዲዮ አላስገቡም። በሦስት ቃል ራስዎን ይግለጹ ቢባሉ «አውርዱኝ» የምትለዋን አንዲት ቃል ሦስት ጊዜ የሚደጋግሙ ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ለዚያ ክለብ ቢያመለክት የመጀመሪያውን ማጣሪያ አያልፍም።

ኢንተርቪውዋ ደረሰ። ጠያቂዎቹ ተሰናባቾቹ ሹማምንት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ በተርታ ተቀምጠው። ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«እንስሳ ብትሆኚ ምን ትሆኚ ነበር? አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አህያ።»

እናቷ ስኒውን አስቀመጠች።

«ምን ላድርግ፣ ትሸከማለች አይደል እንዴ? ሰርቪስ ክለብ ነው ብዬ ነው።»

ከእሷ በፊት የገባው ልጅ ንስር ብሎ ኖሯል፤ ሁሉንም ከላይ ስለሚያይ። ፕሬዚዳንት ሆነ። ከእሷ ቀጥላ የገባችው አንበሳ አለች፤ ምክትል ሆነች። አህያዋ ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሳት፤ «ተባባሪ የታሪክ ጸሐፊ»። የዋናው ፎቶ አንሺ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ የምትተካ ማለት ነው። እናቷ እንደ ወጉ እልል አለች፣ እኔም እንደ ወጉ «ሹመት ያዳብር» አልኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብዬም መከርኳት፤ የሚበላው ፒዛ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ።

የመጀመሪያ ሥራዋ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ የተደረገ የምግብ እደላ ነበር። 19ኙም ሹማምንት ማዕረጋቸው በጀርባው የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ተገኝተዋል። ከተራ አባላት ሁለት መጥተዋል። ድንችና ሽንኩርት የጫነው መኪና ቆሟል፣ ሰልፈኛው ይጠብቃል፣ ፕሬዚዳንቱ ስለ ራዕይ ይናገራል። አባቷ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ እሷን አድርሶ ሊሄድ ነበር፤ ሣጥኖቹ ሳይወርዱ ሲያይ ሞተሩን አጠፋና ሸክሙን ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ማንም ስሙን አልጠየቀውም፤ ቅጽም አልሞላም። እዚያ የተገኘው የክለብ ልጅ ሁሉ ሦስት ሦስት ሰዓት ተፈርሞለት ተበተነ።

ማታ ፎቶውን አሳየችኝ። ያምራል። አሥራ ዘጠኙ ተቃቅፈው ይስቃሉ፣ ከኋላቸው ባዶው መኪና፣ ከጎናቸው የተደረደረው ሣጥን። በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ ሣጥን እንደያዘ ከመሃሉ የተቆረጠ የአንድ ሰው ክርን ይታያል።

«ይሄ የማነው?»

«አባዬ ነው» አለችኝ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ቆይ፣ ክሮፕ ላደርገው ነው።»