ኩንታሉና ኪሎው

ከአንድ ከፍታ አብረው የተለቀቁ ነገሮች፣ አየር ጣልቃ ካልገባ፣ ከባዱም ቀላሉም እኩል እየፈጠኑ ይወድቃሉ። በያንዳንዱ ሰከንድ ፍጥነታቸው ላይ በሰከንድ 9.8 ሜትር ያህል ይጨመራል።

«ኩንታል ጥጥና ኩንታል ብረት የቱ ይከብዳል?» የሚለው የልጆች ጥያቄ ጥጥም ስኳርም በሚመረትባት በሱዳኗ ኒው ሀልፋ ሚዛን ፊት የቆመን ነጋዴ አያሞኝም። ጥያቄው «ኩንታል ስኳርና ኪሎ ስኳር የቱ ቀድሞ ይወድቃል?» ወደሚለው ሲዞር ግን ብዙ አዋቂ ይሰናከላል። ከጭነት መኪና አናት፣ ከ3 ሜትር ያህል ቢለቀቁ፣ ሁለቱም 0.8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል። ከሥር ለቆመ ወዛደር የመሸሺያ ጊዜው እኩል ነው፤ ባይሸሽ የሚያገኘው ግን እኩል አይደለም።

እኩል የሚደርሱበት ምክንያት ይህ ነው። መሬት ኩንታሉን ከኪሎው 100 እጥፍ አብልጣ ትስበዋለች፤ ኩንታሉም ከቦታው ለመነቃነቅ 100 እጥፍ ይለግማል። 100 ለ100 ሲካፈል 1 ነው፤ ኩንታሉ ባለው ትልቅነት አንዳች አያተርፍም።

አሪስቶትል ከባዱ በክብደቱ ልክ ይቀድማል ብሎ ነበር፤ ዓለምም ሳይሞክር አመነው። በ6ኛው መቶ ዘመን፣ የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ግን የከባዱና የቀላሉ የመድረሻ ጊዜ ልዩነት እጅግ ጥቂት መሆኑን ጻፈ። ምስጋናውን ከሺህ ዓመት በኋላ የመጣው ጋሊልዮ ወሰደው፤ እርግጥ እሱ በስሌት አስደግፎታል።

ዓይንን የሚያታልለው አየር ነው። ከጎንደር በመተማ ተሻግሮ ገዳሪፍ የሚወርደው የሰሊጥ ሠራተኛ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቃል። ከሂላው፣ ማለትም ለመድረቅ ከቆመው ነዶ፣ የተራገፈው ሰሊጥ ነፋስ ላይ ሲዘራ ፍሬው ሸራው ላይ ያርፋል፤ ገለባው ይንሳፈፋል። ስበት ሁለቱንም እኩል ያፈጥናል፤ ገለባው ግን ሰፊና ቀላል ስለሆነ አየር ይዞ ያቆየዋል። አየር ባይኖር ሰሊጡ ከነገለባው ተቆልሎ ይቀር ነበር፤ የዚያን ዓመት ገበያ ማሰብ ነው።

አየር የሌለባት ጨረቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት መዶሻና የጭልፊት ላባ አብሮ ለቀቀ፤ አብረው ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጠቀችው የፈረንሳይ ሳተላይት «ማይክሮስኮፕ» ደግሞ ቲታኒየምንና ፕላቲኒየምን አወዳደረች። ከሺህ ትሪሊዮን ጥቂት እጅ የሆነ ልዩነት እንኳ ቢኖር ታየው ነበር፤ አልተገኘም። ፕላቲኒየም ውድ ነኝ ብሎ አልቀደመም።