ሐተታ በእንተ ባዶ ፊልም

ፊልም የሚጎርሰው ተራ ካሜራ በጀማሪ እጅ በወደቀ ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት ለቁጥር የሚያታክት ቢመስልም፣ ነገሩን በጥሞና የመረመረ ሰው ሁሉንም በሦስት አንቀጽ ሊከፍለው ይችላል፤ ይኸውም አንሺው ያጠፋው፣ ፎቶ ቤቱ ያጠፋው፣ አንሺውና ፎቶ ቤቱ እርስ በርሳቸው የሚያላክኩት ነው። ሦስተኛው በብዛትም በክብርም ከሁለቱ ስለሚልቅ የዚህ ሐተታ ድካም ሁሉ በእርሱ ላይ ይሆናል።

አስቀድሞ ግን ቀላል ቀላሉን እናሰናብት። ማያ መስኮቱ ከሌንሱ በላይ በተቀመጠበት ካሜራ እጅግ ተጠግቶ የሚያነሣ ሰው በመስኮቱ ሙሉ ሆኖ የታየውን ዘመዱን በወረቀት ላይ ያለ ግንባር ይረከበዋል፤ መድኃኒቱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። በሥዕሉ ጥግ ላይ የሚታየው ደብዛዛ ጉብታ የአንሺው ጣት ነው፤ ባለቤቱ ግን የሌላ ሰው ትከሻ እንደ ሆነ እስከ ዕለተ ሞቱ ይከራከራል። ከሶቪየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሁሉ የሚያውቀው፣ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ የተሠራው ዜኒት ኢ ደግሞ ፍላሽ ተገጥሞለት ፍጥነቱ ከ1/30 ሴኮንድ ካለፈ፣ መጋረጃው ወደ ጎን የሚሮጥ በመሆኑ፣ ከሙሽሮቹ አንዱን አብርቶ ሁለተኛውን በጨለማ ይተወዋል፤ ይህንንም አይታ የትዳሩን ፍጻሜ የምትተነብይ አክስት ከቤተ ዘመድ አትጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የመጀመሪያውን ካሜራ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም አጉርሶ ሲሸጥ፣ ገዢው አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከው ስለ ነበር፣ ፊልሙን የሚያጎርሰውም የሚያወጣውም ባለሙያ ነበረና ምእመናኑ ከባዶ ፊልም ኃጢአት ንጹሓን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን ያ ቆርቆሮ ለባሽ የ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ ማንም በጠራራ ፀሐይ እንዲያጎርሰው ተብሎ ለሕዝብ ቀረበ፤ እኛ የምናውቀው ባዶ ፊልምም በዚያ ዘመን ሥልጣኑን ተረከበ።

ታጥቦ የመጣ ፊልም ምንም ሥዕል ባጣ ጊዜ ፎቶ ቤቱ «ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ግን ሁለት ተጻራሪ ነገሮችን በአንድ ገመድ ያስራል፤ ኔጋቲቩ ከዳር እስከ ዳር ከጠቆረ ብርሃን በዝቶበታል፣ ማለትም የኋላ በሩ ተከፍቷል፤ ጥርት ብሎ ከወጣ (በቀለም ፊልም ከሆነ ብርቱካንማ መልክ ብቻ ይዞ ከቀረ) ብርሃን የሚባል ነገር አላየም፣ ወይም አይቶ ሳይታጠብ ቀርቷል። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚለየው ምስክር በፊልሙ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ የፊልሙ ስምና የሥዕሎቹ ተራ ቁጥር በፋብሪካ በብርሃን የታተሙ ስውር ጽሕፈቶች ናቸውና፣ በሚታጠቡበት ጊዜ ከሥዕሉ ጋር አብረው ይገለጣሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ጠፍቶ ቁጥሩ ካለ ፎቶ ቤቱ ነጻ ነው፤ ቁጥሩም አብሮ ከጠፋ ኬሚካሉ ደክሟል ወይም ተራው ተዛብቷል፣ አንሺውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመናገር ሙሉ መብት አለው።

ቁጥሩ ኖሮ ሥዕሉ የጠፋበትን ምክንያት ስንተረጉም፣ አንድም የሌንሱ ክዳን አልተነሣም፣ አንድም መጋረጃው አልተከፈተም (ይህም፣ ፊልም በሌለበት ጊዜ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ወደ ብርሃን እያዩ በመጫን ይታወቃል)፣ አንድም የፊልሙ ጫፍ ጠቅላዩን ዘንግ ሳይዝ ቀርቷል። ሦስተኛው ብርቱ ነው። ጫፉ ያልያዘ ፊልም በቆርቆሮው ውስጥ ተኝቶ ሲውል፣ መሳቢያው እንደ ልማዱ ይሳባል፣ መጋረጃው ቀጭ ይላል፣ በብዙ ካሜራ የሚቆጥረው መሳቢያው እንጂ ፊልሙ አይደለምና ቁጥሩም በታማኝነት ያድጋል።

በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው ዋና ምልክቱ ደስታ ነው። ባለ 36 ፊልም በጥንቃቄ ከተጎረሰ 37ኛና 38ኛ ሥዕል መስጠቱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ያለው ደስታ የፋብሪካው ቸርነት ተብሎ ሊታለፍ ይገባዋል፤ 39ኛው ላይ የደረሰ ግን ጸሎት ይጀምር። እርሱ ግን አይጀምርም፤ በአንድ የክርስትና ድግስ መካከል ቆሞ፣ ቀድሞ የቆጠባቸውን ጎረቤቶች በሙሉ እየጠራ ያሰልፋል።

«እማማ፣ አንዴ ቀና ይበሉልኝ።»

«አላለቀም እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ገና ነው! ይኼ ፊልም በረከት አለው።»

እማማም ነጠላቸውን አስተካክለው ለሦስተኛ ጊዜ ይነሣሉ። በ43ኛው ሥዕል ላይ የክርስትና አባት ሕፃኑን ታቅፎ እንደ ገና ይቆማል፤ በ45ኛው ላይ ጠላ ቀጂዋ ሳትቀር ትነሣለች፤ በዚያች ቀትር ውስጥ ፎቶ ሳይነሣ የቀረ ፍጡር ቢኖር ፎቶ አንሺው ብቻ ነው። ማታ ፊልሙን ሊመልስ ቁልፉን ሲያዞር አንዳች ነገር አይከብደውም፤ ይህንንም በካሜራው ጥራት ይተረጉመዋል።

መከላከያው እጅግ ቀላል በመሆኑ የሚያሳዝን ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ በግራ በኩል ያለችውን የመመለሻ ቁልፍ እስክትከብድ ድረስ በቀስታ ማጥበቅ፣ ከዚያም መሳቢያውን እየሳቡ እርስዋን ማየት ነው፤ ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው፣ ካልዞረች ድግሱ ሳይጀመር እንደ ገና ማጉረስ ነው። ፊልሙ መያዙን በዐይኑ ለማረጋገጥ በድግሱ መካከል በሩን የሚከፍት ተጠራጣሪም አለ፤ እርሱ እውነቱን በርግጥ ያገኛል፣ ፊልሙ በሚገባ ይዞ ኖሯል፤ ነገር ግን ባወቀበት ቅጽበት የተነሣውን አብዛኛውን አቃጥሎ፣ ወደ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ይዛወራል። ከእምነትና ከጥርጥር የቱ ብዙ ክርስትና እንዳጠፋ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም።

ከዚህ በኋላ የፎቶ ቤቱን ጥፋት በሰባት ከፍዬ ልተነትን አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ምስክሩ በጠርዙ ላይ ነውና፣ ደንበኛው «ተቃጥሏል» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ኔጋቲቩን እዚያው ጥሎ ስለሚወጣ፣ የምመረምረው ማስረጃ አጣሁ። በእንተ ባትሪ የሚለውም ምዕራፍ ቀርቷል፤ ባትሪው ተገልብጦ ከገባ አቃንቶ ማስገባት ነው።