አምስት ኮከብ ለ«አልሐምዱሊላህ»

በስልክ የሚሰጥ ሕክምና ደግ ይሁን ክፉ ማወቅ እንዴት ቀላል ሆነ! ጥሪው እንዳለቀ «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» የሚል መልእክት መላክ ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ለዚህ ምዘና የተፈጠሩ ከተሞች ናቸው። ወሎዬ በትኩሳት እየነደደም «እንዴት ነህ?» ሲሉት መልሱ «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዜር ይመስገን» ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ተሰልፎ ከመዋል የዳነ ሰው፣ ላናገረው ሐኪም ከአምስት በታች ይሰጣል ብሎ መጠርጠርም ነውር ነው። ይህ ሁሉ ይሉኝታ ተደምሮ ሪፖርቱ ላይ «የሕክምና ጥራት» ተብሎ ይጻፋል።

ጥናቱም ከኮከቡ ጋር ነው። አሜሪካ ውስጥ በርቀት የታከሙ ከ8 ሺህ በላይ የጉንፋንና መሰል ሕመሞች ተጠንተው፣ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸው 91 በመቶ ያህሉ አምስት ኮከብ ሰጥተዋል፤ ምንም ካልታዘዘላቸው 72 በመቶ ያህሉ። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። እንግዲህ ኮከብ የሚሻ ሐኪም መንገዱ ወለል ብሎለታል፤ አሞክሳሲሊን ይጻፍ። «ትኩስ ነገር ጠጣና ተኛ» ያለው ግን ዝቅ ይበል፤ ያለ ኪኒን የሚያሰናብት ድሮስ ምን ሐኪም ነው! (መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ መጠይቅ አይሞላም።)

መስመሩ መሃል ላይ የተቋረጠበትም አይሞላም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳለ፣ ሐኪም በቪዲዮ ማየት ፈልጎ ያልቻለ የደሴ ሰው፣ ጥሪው ስላልተካሄደ መጠይቁም አይደርሰውም ነበር፤ በኮከብ ስሌት ከዚያ የተሻለ ወር የለም። በልጇ ስልክ የታከመች እናትስ? መጠይቁ ሲደርስ ስልኩ ከልጇ ጋር ገበያ ወጥቷል፤ እርካታዋን እሱ ይሞላላታል።

«ታዲያ ታካሚው አይጠየቅ?» የሚል ይኖራል። ይጠየቅ እንጂ! ሐኪሙ አክብሮ አናግሮት እንደሆነ፣ የተነገረው ገብቶት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆስፒታል መላክ ሲገባው በስልክ ተሸኝቶ እንደሆነ ግን በምን ያውቃል? ያንን የሚለየው መዝገቡን የሚመረምር ሌላ ሐኪም ነው። ከ15 ቀን በኋላም ተደውሎ «ተሻለህ?» ይባል፤ የተቋረጠውም ጥሪ ይቆጠር። ወጪ አለው ከተባለ፣ አዎ አለው። እስከዚያው ግን የሰበሰባችሁትን «እርካታ» ብላችሁ ጻፉልን፤ «ጥራት» አትበሉት።