ጀልባ ለማዝናናት የሚሞት ካምቢዮ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ልጄ ጀልባ ገዛ። ባሕር ዳር ቢወለድ ደሙ ነው እል ነበር። የተወለደው ደሴ ነው፤ ውኃ የሚያውቀው በጀሪካን ነው። አሁን ሜሪላንድ ይኖራልና ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጀልባዋን ከትንሿ ፒክአፑ ኋላ አስሮ ወደ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ይነዳል። እኔም «አባዬ፣ ንፋስ ይምታህ» እየተባልኩ ከሕፃናቱ መሃል እታሰራለሁ።

እኔ ጉልምስናዬን የጨረስኩት ፊያት 682 ኤን 3 ከነተሳቢው ከአሰብ ጭኜ፣ ደብረ ሲናን አልፌ ታርማ በርን ስወጣ ነው። ስለ መጎተት ስናገር ልሰማ ይገባኝ ነበር። ልጄ የሚሰማው ግን ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ «3,000 ኪሎ ይጎትታል» ይላል። ማን ነው የሚጎትተው? ሞተሩ! ሞተርማ ይጎትታል፤ የዛሬ ሞተር ቱርቦ ከተገጠመለት በኋላ ፉከራው አይቻልም። ያንን ፉከራ ተሸክመው ጎማ ድረስ የሚያደርሱት ግን ካምቢዮው፣ ክሮቼራው፣ ዲፈረንሻሉና ሰሚያሱ ናቸው። ማስታወቂያ ላይ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? ሙሽራው ሞተሩ ነው፤ ጓዳ ሆኖ ሽንኩርት የሚከትፈውን ማን ያየዋል!

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ወረቀቱ ጨርሶ ውሸት አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጄ2807 የሚባል መለኪያ አለ። መኪናው ሸክሙን እየጎተተ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የተባለውን 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲሆን፣ ኤሲውን ከፍቶ ይወጣል። 12 በመቶ ዳገት ላይ አቁመውም ወደ ፊት አምስት ጊዜ፣ ወደ ኋላ አምስት ጊዜ ያስነሱታል። ጨዋ ፈተና ነው፤ አልክድም። ግን ሹፌሩንና አብሮት የሚቀመጠውን ሰው እያንዳንዳቸውን 68 ኪሎ ብለው ነው የሚቆጥሩት። 68! የልጄን አማት፣ ሻለቃውን፣ አላዩአቸውም። ጀልባዋም በሻጩ ወረቀት ላይ ደረቅ ናት፤ 150 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ምራቴ የምትጭነውን የዶሮ ወጥ ድስት፣ ረከቦቱን፣ ከሰሉን፣ በረዶውንና ቢራውን መሐንዲስ ከየት ያውቀዋል?

እንሂድ። ኢንተርስቴት 68 ላይ ሳይድሊንግ ሂል የሚሉት ዳገት አለ። ሐይቁ ራሱ ያለው 750 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነውና ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ታርማ በርን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ጉብታ ነው። ለፒክአፓችን ግን ጣር ነው። ካምቢዮው ከስምንተኛ ወደ ስድስተኛ ይወርዳል፣ መልሶ ሰባተኛን ይሞክራል፣ ይጸጸትና ይመለሳል። እኔ በኤን 3 ማርሼን ራሴ መርጬ ተራራውን እስክጨርስ አልነካውም ነበር። እዚህ ኮምፒውተሩ ይመርጣል፤ መምረጥ ደግሞ አይሰለቸውም። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ኃይሉ የሚያልፈው በዘይት ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ ሳይቆልፍ ሲንሸራተት ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ይሆናል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ፍሪሲዮኖቹ ይለበለባሉ። ለመጎተት ተብሎ የተሠራ ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት ማርሹ ቶሎ ቶሎ መቀያየሩን ይተዋል። ልጄ አይጫነውም። «ሞተሩ ይጮሃል፣ አባዬ።» ይጩህ እንጂ! ሞተር ሲጮህ ይሰማል፤ ካምቢዮ ግን ዝም ብሎ ነው የሚቃጠለው።

ዘይቱን ላሽት ብዬ ኮፈኑን ባስከፍት የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ የለም። ፋብሪካው አስቀርቶታል። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» አለኝ ልጄ። የማን ዕድሜ? የካምቢዮው ከሆነማ ልክ ናቸው፤ አብረው ይሞታሉ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ዋናው ጉድ ይጀምራል። ጀልባ የሚወርድበት ሲሚንቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ ቁልቁለት ነው። ልጄ ያን ሁሉ መንገድ ሲፈጭ የዋለውን፣ እጅ የማያስነካ ዲፈረንሻል ወደ ኋላ እየነዳ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። በውስጡ ያለው አየር በድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ውኃ ውስጥ ከገባ፣ ባረጀ ጎሚኒም በኩል ቢሆን፣ ውኃውን ስቦ ይጠጣል። የተሳቢው ኩሽኔታም እጣው ይኸው ነው። ከሳምንታት በኋላ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ሲጀምር «ጎማው ነው የሚጮኸው» ይባላል። ሲፈታ ዘይቱ ነጥቶ ይገኛል።

ማታ ስንወጣ ደግሞ ሲሚንቶው አልጌ ለብሷል፣ ጀልባዋ ውኃ ጠጥታለች፣ ፒክአፗም ፎር ዊል አይደለችም፤ ርካሿ ናት። አንደኛው ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሞ ያየዋል። ልጄ ይረግጣል። «ተው! የዲፈረንሻሉን ትናንሽ ጥርሶች ልትበላቸው ነው!» እላለሁ፤ ከጎማው ጩኸት ጋር ማን ይሰማኛል? በመጨረሻ ሻለቃው ሳይጠየቁ ከፒክአፗ ኋላ የጭነት ቦታው ላይ ወጥተው ቆሙ። ጎማው መሬት ነከሰ፣ ወጣን። በመሐንዲሶቹ የ68 ኪሎ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው እናድር ነበር።

እናም ልጆቻችሁ ጀልባ ከገዙ ወረቀቱ ከሚለው ኪሎ ሲሶውን ቀንሱ፤ ለካምቢዮው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጥሙ፤ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ከፍ አስደርጉ፤ ዘይቱንም በዓመት አስቀይሩ። ይሄን ሁሉ አድርገው ከጋበዟችሁ ሂዱ። እኔ ግን ቅዳሜ ሥራ አለብኝ።