ለሰው ልጅ ማሰብ

ደጀን ለሰው የሚያስብ አላጣችም። ከዋናው አስፋልት ፈቀቅ ባለችው ፕሌይስቴሽን ቤት የታደሙት ተማሪዎች፣ የዓባይን በረሃ ወጥተው የሚያቃስቱት ተሳቢዎች እንዳያውኳቸው በሩን ገርበብ አድርገው፣ ቦርሳቸውን አግዳሚው ሥር ወሽቀው፣ የዩኒፎርም ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው የአንድ አሜሪካዊ ልጅ ትምህርት ያሳስባቸዋል።

ልጁ ካይል ጊርስዶርፍ ነው፤ በጌም ስሙ ቡጋ። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ፣ በ16 ዓመቱ፣ ፎርትናይት የተባለውን የቪዲዮ ጌም የዓለም ዋንጫ በግል አሸንፎ 3 ሚሊዮን ዶላር ሲሸለም ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

«ልምምዱንና ጥናቱን እንዴት ቻለው በናታችሁ?» ይላል አንዱ፣ ላስቲኩ የተላጠውን ጆይስቲክ በአውራ ጣቱ እያሸ።

«ጊዜውን ከፋፍሎ ነዋ! ቀልድ መሰለህ?» ይላል ሁለተኛው።

ይህ ቁም ነገር የሚወራው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለ አንጀት ያስቀናል። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ብትነግሯቸው ግን ከአግዳሚው ንቅንቅ የሚል የለም። አይፈረድባቸውም፤ የሰው ልጅ ትምህርት በጭብጨባ ይከታተሉታል፣ የራስ ግን ቁጭ ብሎ ማጥናት ይፈልጋል። ቡጋ ቢወድቅ ማን ይችለዋል? እነሱ ቢወድቁ ጥያቄው ከብዶ ነው።

ደግነቱ መብራት ይጠፋል። እሱም ባይጠፋ መምህሩ ለማን ያስተምሩ ነበር?