ብርድ ልብስ ለከለከለች ከተማ የቀረበ ውዳሴ

በሰሜን አሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት ደቡባዊ ክፍል፣ ሮግ የተባለው ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ፣ ግራንትስ ፓስ የምትባል፣ የነዋሪዎቿ ቍጥር አርባ ሺሕ የማይሞላ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ስለ ሮማና ስለ እስክንድርያ፣ ስለ ቍስጥንጥንያም ብዙ ውዳሴ ሲጻፍ ይህችን ታናሽ ከተማ የሚያመሰግን አንድ እንኳ የአማርኛ ጸሐፊ አለመነሣቱ ሲያሳዝነኝ ስለ ኖረ፣ ጕድለቱን በዐቅሜ ልሞላ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ በዋናው መንገዷ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሰሌዳ አላት፤ የተጻፈበትም ቃል ባጭሩ «ነገሩ አየሩ ነው» የሚል ነው። ይህን አንብቦ ወደ ከተማዪቱ ዐዋጅ የሚሻገር ሰው የሕጉ ምስጢር ወዲያው ይገለጥለታል። ዐዋጁ በመናፈሻም ሆነ በጐዳና፣ በሕዝብ ይዞታ በሆነ ስፍራ ሁሉ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ማደርን ይከለክል ነበር። የመቀጮው መነሻ 295 ዶላር ሲሆን፣ ተቀጪው በጊዜው ያልከፈለ እንደ ሆነ ወደ 537 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያድግ ነበር፤ ደጋግሞ የተያዘ ከመናፈሻው ለ30 ቀን ይታገድ ነበር፤ ዕገዳውን ተላልፎ የተገኘ ደግሞ እስከ 30 ቀን እስራትና እስከ 1,250 ዶላር መቀጫ ይጠብቀው ነበር። አላዋቂ ሰው ይህን ጭካኔ ይለው ይሆናል። እኔ ግን እላለሁ፤ አየሯ እንዲህ በተመሰገነ ከተማ ውስጥ በጥር ሌሊት ብርድ ልብስ መከናነብ በአየሩ ላይ በሐሰት መመስከር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እስከ 60 ሳንቲም ድረስ ተጠንቅቆ የተሰላ ፍትሕስ በሌላ ሀገር የት ይገኛል?

ደግሞም ከተማዪቱ በድኾቿ ላይ ያላትን እምነት ማየት ያስፈልጋል። ይህን ዐዋጅ በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው ክስ ከሳሽ ሆና የቀረበች አንዲት ቤት አልባ ሴት ነበረች፤ እርሷም በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት እስክትለይ ድረስ የተቈለለባት መቀጮ ከ5,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ኪራይ የሚያበድራት ሰው በጠፋበት ዘመን፣ መንግሥት ብቻውን፣ ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ፣ ያለ ምስክር ይህን ያህል ዕዳ ያመነባት መሆኑን ስናስብ፣ የግራንትስ ፓስን ያህል ለነዳያን ልቡን የከፈተ አበዳሪ በታሪክ መዝገብ ልናገኝ አንችልም።

«ይህ ሁሉ ከሚደረግ መጠለያ ለምን አይሠራም?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እርሱ ስለ መጠለያ የሚደረገውን የሸንጎ ክርክር ያላጠና ሰው ነው። ይህ ክርክር በግራንትስ ፓስ ብቻ ሳይሆን በየትንንሹ ከተማ እንደ ቅዳሴ ሥርዐቱ የታወቀ፣ ዜማው የተወሰነ፣ ተሰጥዎውም ሕዝቡ ሁሉ በቃሉ የያዘው ነው። ተናጋሪው ይነሣና ደረቱን ነክቶ «ለድኻ የማላዝን አይደለሁም» ሲል ያዜማል፤ ሕዝቡም በአንድ ቃል «ነገር ግን» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ይነሣና «መጠለያ አያስፈልግም ያለ ማንም የለም» ሲል፣ ሕዝቡ «ነገር ግን እዚህ አይሁን» ይላል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ባለሱቅ የሆነው፣ ስለ ነዳያኑ ደኅንነት ብቻ ተጨንቆ፣ መንገዱ ለእነርሱ አደገኛ መሆኑን፣ መኪና እንደሚበዛበት፣ ጫጫታውም እንቅልፍ እንደሚነሣቸው እያነባ ያስረዳል። ከዚህ በኋላ የስፍራ ምርጫ ይከተላል። ከትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይሆን ሕፃናት አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንዳይሆን ምእመናን በሰንበት ስለ ድኾች የሚሰጠውን ስብከት ሰምተው ሲወጡ ከድኾች ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተው ሊታወኩ ነው፤ ከገበያ አጠገብ ንግድ ይቀዘቅዛል፤ ከወንዙ አጠገብ ውሃው ይረክሳል፤ ከከተማ ውጭ ይሁን ሲባል ደግሞ «ምስኪኖቹን ከሰው ለይቶ መጣልማ ግፍ ነው» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ይደረጋል። ስለዚህ ሁሉ ሰው የተስማማበት ስፍራ በርግጥ አለ፤ የመሬት መዝገቡ ውስጥ ገና አለመግባቱ ብቻ ነው እንቅፋቱ።

የክርክሩ ዘውድ ግን «መጠለያ ከተሠራ ቤት አልባዎች ይመጣሉ» የሚለው ትምህርት ነው። ሰው በሞቀ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ በሩቅ ከተማ የብረት አልጋና የሾርባ ወረፋ መኖሩን በሰማ ጊዜ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ፣ ሥራውን ለቅቆ፣ ያን ክብር ፍለጋ ይሰደዳልና! በዚሁ ትምህርት መሠረት ሐኪም ቤት የሚሠራ ከተማ በሽታን ይጠራል ማለት ነው፤ ይህ ጥበብ ለጤና ጥበቃ ባለሥልጣኖች እስከ አሁን አለመነገሩ ያስቈጫል።

ይሁን እንጂ ግራንትስ ፓስ መጠለያ አልነበራትም ማለት ሐሰት ነው፤ አንድ የወንጌል ማኅበር የሚያስተዳድረው ነበረ። ወደዚያ የሚገባው ሰው በጸሎት ጕባኤ እንዲገኝ፣ ያለ ደመወዝ እንዲሠራ፣ ትንባሆም እንዲተው ይጠየቅ ነበር። የአእምሮ ሕመም ያለበትና ሥርዐቱን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ግን ውጭ ያድር ነበር፤ ውጭ ያደረ ደግሞ 295 ዶላር ይከፍል ነበር፤ መንግሥተ ሰማያትና ዘብጥያ እንዲህ ተቀራርበው የተሠሩባት ከተማ ናት።

የከተማዪቱን አስተዳዳሪዎች አርቆ አሳቢነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገው ጕባኤ ይመሰክራል። በዚያ ጕባኤ የከተማው ምክር ቤት ፕሬዚደንት የነበሩት ሴት የነገሩን ፍሬ በግልጥ ተናግረዋል፤ ቤት አልባዎቹ በከተማዪቱ እንዳይመቻቸው አድርጎ ወደ ሚቀጥለው መንገድ እንዲያልፉ ማድረግ ነው ቁም ነገሩ ብለዋል። እኔ በፖለቲካ ሰዎች ዘንድ እውነት እምብዛም አይገኝም ከሚሉት ወገን ነበርኩ፤ ይህን ካነበብኩ በኋላ ግን ተጽናንቻለሁ። በዚያው ጕባኤ ቀደም ሲል የተሞከረ ሌላ ዘዴም ተነሥቷል፤ ለነዳዩ የአውቶቡስ ቲኬት ገዝቶ ወደ ሌላ ከተማ መሸኘት። ተሸኚው ግን ከደረሰበት ከተማ፣ «ይህን ሰው እባካችሁ ወደ እኛ አትላኩብን» ከሚል መልእክት ጋር ተመልሶ መጣ። በሁለት ከተሞች መካከል እንዲህ ያለ የሐሳብ አንድነት የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህች ከተማ ቤት አልባነትን ትንቃለች ብለህ እንዳትፈርድ። በአቅራቢያዋ የኦሪገን ዋሻዎች የተባሉ ስመ ጥር ዋሻዎች አሉ፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1922 ቆዳ ለብሰው በአደባባይ የሚታዩ ዜጎቿ «የዋሻ ሰዎች» የሚል ማኅበር አቋቁመዋል፤ የትምህርት ቤቷ የስፖርት ቡድን በዚሁ ስም ይጠራል፤ ዱላ የጨበጠ የዋሻ ሰው ሐውልትም በከተማዪቱ ቆሟል። ኪራይ ያልከፈለ፣ በር ያልነበረው፣ በቆዳ ተሸፍኖ የተኛው ሰው በሐውልት ይከበራል፤ ሕያው ሆኖ በመናፈሻው ብርድ ልብስ የተከናነበው ግን ይቀጣል። ልዩነቱ ግልጥ ነው፤ ሐውልቱ አይተኛም።

በዐዋጁ ላይ የተነሣው ክስ ወደ ዋሽንግተን ወጥቶ በሀገሪቱ ላዕላይ ፍርድ ቤት በተሰማ ጊዜ፣ ዳኛ ሶቶማዮር አንድ ደቂቅ ነገር አንሥተው ነበር፤ ሌሊት ከዋክብትን ሊያይ ወጥቶ በብርድ ልብሱ ላይ እንቅልፍ የጣለውን ሰው ፖሊሶቹ እንደማይይዙት ራሳቸው መስክረዋል አሉ። እንግዲህ ምክሬ ለነዳያኑ ነው፤ ዐይናችሁን ወደ ላይ አቅኑ፤ የተጠየቃችሁ እንደ ሆነ የሥነ ፈለክ ተማሪዎች ነን በሉ። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለከተማዪቱ ፈረደ፤ መቀጮው ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው «ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት» አይደለም ተባለ። ዳኛ ጎርሰች በጻፉት ፍርድ፣ ዐዋጁ ቤት አልባውንም፣ ለዕረፍት የመጣውን መንገደኛም፣ ለተቃውሞ ከማደሪያው ወጥቶ በአደባባይ የሰፈረውን ተማሪም አይለይም ተብሏል። እንቅልፍ ግን እነዚህን ሦስቱን ይለያቸዋል፤ ሁለቱ ሲደክማቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ እንደሌለው በአደባባይ የተናገረ አንድ የገሊላ መምህር ወደዚህች ከተማ ቢመጣ ምን ይደረግ ነበር ብለው የሚጠይቁ ተንኮለኞች አይጠፉም። መልሱ በዐዋጁ ተጽፎ ነበር፤ 295 ዶላር። ቀበሮዎቹና የሰማይ ወፎቹ በሰላም ይሄዳሉ፤ ስለ እነርሱ ዐዋጁ የሚለው ነገር የለምና።

እኛ አበሾች ደግሞ በዚህ እንዳንኮራ ማለት ይገባኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር የሚመታን መንገደኛ እግሩን አጥበው፣ መደብ ለቅቀው የሚያሳድሩ አባቶች የነበሩን ሕዝብ፣ የመቀጮ ገቢ ምን እንደ ሆነ ሳናውቅ ስንት ዘመን አባከንን! ዛሬ ግን ጥቂት ሠልጥነናል፤ ታላላቅ እንግዶች በሚመጡበት ሰሞን ነዳያንን ከአደባባይ ገለል ማድረግን እኛም እናውቅበታለን።

ከፍርዱ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ከተማዪቱ ለድንኳን የሚሆኑ ስፍራዎችን ለየች፤ በ2025 መባቻ ግን ሰፊውን ዘጋችና በቀረው ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ብቻ እንዲታደር ወሰነች፤ ሽባውም ሆነ ሽማግሌው በየማለዳው ድንኳኑን ነቅሎ ጓዙን ተሸክሞ እንዲወጣ ሆነ። ስለ አካል ጕዳተኞች የሚሟገት ድርጅት በዚህ ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በተደረገው ዕርቅ ከተማዪቱ 150 የድንኳን ቦታ ለመስጠት ተስማማች። የድንኳን ቦታ ማለት መሬት ማለት ነው፤ መሬት እንደ ነበረ ቀድሞም ይታወቅ ነበር።

እኔ በበኩሌ ለከተማዪቱ አንድ ምክር አለኝ። የአውቶቡሱ ዘዴ የወደቀው አውቶቡሱ መድረሻ ስለ ነበረው ነው። በየወሰኑ የሚገኙ ከተሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰፊ አውቶቡስ ይግዙ፤ ነዳያኑን ይጫኑበት፤ አውቶቡሱም ከከተማ ወደ ከተማ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይዙር። ማንም ከተማ ድኻ አይኖርበትም፤ ድኾቹም በወንበራቸው ተቀምጠው ይተኛሉ፤ በሕዝብ ይዞታም ላይ አንቀላፉ አይባሉም። ወንበሩ እንዲጋደም፣ ጣራው ዝናብ እንዳያስገባ፣ በክረምትም እንዲሞቅ ይደረግ፤ ብርድ ልብስም ቢሰጣቸው አየሩን የሚያይ ስለሌለ ነውር የለበትም። ሐሳቡን ለአንድ ወዳጄ ባካፈልኩት ጊዜ በጣም ወድዶት፣ አውቶቡሱ ነዳጅ ሊቀዳ የሚቆምበት ስፍራ ግን ከእርሱ ሰፈር እንዳይሆን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ጠይቆኛል።